ሊጋችንን በሐይቅ አሳ ዘጋነው

አምና የፋንታሲ ሊጋችን ያለቀው በኩርፊያ ነበር። ፋንታሲ ማለት ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች የራሳችሁን ቡድን መርጣችሁ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የምትሰበስቡበት ጌም ነው። 38 ሳምንት ሙሉ ስንሳሳቅ ከርመን፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ማታ ሁለት ጓደኞቼ እኩል ነጥብ ይዘው አንደኛ ላይ ቁጭ አሉ። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። ሌላው ባንክ ይሠራል። ነጥብ እኩል ሲሆን ጌሙ ጥቂት ዝውውር (የተጫዋች ቅያሪ) ያደረገውን ሰው ከላይ ያስቀምጣል። ተጫዋች ያለ ገደብ በሚያስቀይሩት ልዩ ዕድሎች፣ በዋይልድካርድና በፍሪ ሂት፣ የተደረገ ዝውውር አይቆጠርም። በዚህ ስሌት ከላይ የወጣው ባንከኛው ሆነ።

ልብስ ሰፊው «ነጥቡ እኩል ነው፣ ብሩም እኩል ይካፈላል» አለ። ባንከኛው «ሰንጠረዡን እየው» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ ነሐሴ ላይ ስንጀምር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሌላው ጥፋት ደግሞ የኔ የብቻዬ ነው። 12 ሰው 500 ብር አዋጥቶ 6,000 ብር እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ሚያዝያ ላይ የቤት ኪራይ ሲያጣድፈኝ ከላዩ ነካሁ። ግንቦት ሳይደርስ እተካዋለሁ ብዬ ነው። አልተካሁም። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እኔ በሆዴ «እባካችሁ ትንሽ ቆዩበት» እል ነበር። እዚህ ላይ ስጽፈው እንኳን ያሳፍረኛል። ብሩን ለሁለት ከፍዬ የሰጠኋቸው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ሁለቱም ተቀበሉኝ፣ ሁለቱም አላመሰገኑኝም። ከዚያ በኋላ እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ቢተያዩ «ሰላም ነው?» ተባብለው መተላለፍ ሆነ። የቴሌግራም ግሩፑም ክረምቱን ሙሉ ጭር አለ።

ዘንድሮ ግን በሰላም ዘጋን። እናንተም ከጓደኛ ጋር ሊግ ካላችሁ፣ እኛ የሄድንበትን አይታችሁ የሚሆናችሁን ውሰዱ።

ነገሩ የተስተካከለው ግንቦት ላይ አይደለም፣ ነሐሴ ላይ ነው። የአዲሱ ዓመት ሊግ ዓርብ ነሐሴ 10 ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ አንድ ጓደኛችን ቤት ቡና ተጠራን። የጠሩን እናቱ ናቸው። ኩርፊያውን ከልጃቸው ሰምተዋል። ገና ስንቀመጥ «በኳስ ነው የተጣላችሁት? ያውም በእንግሊዝ ኳስ?» አሉን። መልስ የሰጠ የለም። ፍልሰታ ስለነበር ቆሎና የጾም አምባሻ ቀርቧል። አቦሉ በዝምታ ተጠጣ። ቶናው ላይ ልብስ ሰፊው የባንከኛውን ሸሚዝ እጅጌ አይቶ «ይሄን ማን ነው የሰፋልህ? ጠላትህ ነው?» አለው። ተሳቀ። በረካው ላይ ደንብ አወጣን።

መጀመሪያ የተነሳው ብሩ ነው። በሦስት ዓመት አንድም ቀን ሊጋችን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ አንድ ሙስሊም ጓደኛችን ነበር። ኳስ ከሁላችን በላይ ያውቃል። ለምን እንደማይገባ ጠይቀነውም አናውቅም። ያን ቀን ራሱ ነገረን። «ሁላችን አዋጥተን አንድ ሰው ጠቅልሎ ከወሰደው ቁማር ነው። ቁማር ደግሞ ሐራም ነው። ብሩን ካወጣችሁት ዛሬውኑ እገባለሁ» አለ። ሰንበት ተማሪ የሆነው ጓደኛችንም ቀበል አድርጎ «ለኛስ ማን ፈቀደልን?» አለ። ነገሩ በአንድ ጊዜ አለቀ። ከእንግዲህ ብር የሚያሸንፍ ሰው የለም። መዋጮው የዓመቱ መጨረሻ ላይ አብረን የምንበላበት ይሆናል።

500 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣትም ለብዙዎቻችን ከባድ ነበር። ስለዚህ በወር 30 ብር አደረግነው። ከነሐሴ እስከ ግንቦት 10 ወር ነው፤ ለአንድ ሰው 300 ብር ይመጣል። ሁለት አዳዲስ ሰዎች ገብተው 14 ስለሆንን በጠቅላላው 4,200 ብር። ሰው በቴሌብር ለቧንቧ ውሃው ጓደኛችን ይልካል፣ እሱ በጥሬው አውጥቶ ለእናቱ ይሰጣል። እሳቸው ይይዙታል፣ ደብተሩን እኔ እይዛለሁ። ብሩን እንዳልይዝ የጠየቅኩት እኔው ነኝ። ይሄ እንደ እቁብ ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ አንድ ሰው ከሆኑ ጣጣ አያጣውም። የእሳቸው መያዝ ደግሞ ያላሰብነው ጥቅም አመጣ። የጓደኛ ብር ይዘገያል። የጓደኛ እናት ብር ግን ማን ያዘገያል? በ10 ወር ውስጥ የዘገየ ቢኖር ሁለት ሰው ነው፣ እሱም በቀናት።

አቻ ነጥብ ቢመጣ የጌሙ ሰንጠረዥ ይገዛናል አልን። ይሄ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ተጻፈ፣ ሁሉም ፈረመ። ስንፈርም ስቀን ነበር። ግን ፈረምን።

ዋንጫውን በተመለከተ ብዙ ተከራከርን። አንዱ ከመርካቶ የፕላስቲክ ዋንጫ እናስመጣ አለ። እናትየው «ጀበና ግዙ። ያሸነፈ ቡና ያፍላላችሁ» አሉ። ሰኞ ገበያ ወርደን የሸክላ ጀበና ገዛን። አንገቱ ላይ ሪባን አሰርንለት። ዓመቱን ሙሉ እሳቸው ቡፌ ላይ ተቀምጦ ከረመ።

የምግቡን ጉዳይ ልብ በሉልኝ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ መብላት ብርቅ አይደለም፤ ሥጋ ከሆነ ግን ማን ባረከው ይመጣል። ሠርግ ላይ ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። ለ14 ሰው በ4,200 ብር ሁለት ድስት አያዋጣም። ሽሮ እንብላ ያለም ነበር። «ዓመት ጠብቄ ሽሮ?» ያለም ነበር። መልሱን ያመጣው ሰኞ ገበያ በር ላይ ባጃጁን አቁሞ የሚውለው ጓደኛችን ነው። «አሳ!» አለ። አሳን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሐይቅ ከተማ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር። የሊጉ መጨረሻ የሚውለው ከፋሲካ በኋላ በመሆኑ ጾምም አይነካውም። ተስማማን።

ዓመቱን በዝርዝር አልተርክላችሁም። ሁሉም ሰው ያው ያያችሁትን ነው ያየው፤ ሳላህን የያዘ በላ፣ ያልያዘ ተራበ። ሳላህ በጌሙ በ12.5 ሚሊዮን ዋጋ ጀምሮ በ29 ጎልና በ18 አሲስት (ለጎል ማቀበል) 344 ነጥብ ሰበሰበ። በፋንታሲ ታሪክ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ያመጣ ተጫዋች የለም። ከመሃላችን አንድ የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) አክራሪ «ቀይ ለባሽ ከገዛሁ የራሴን ነው» ብሎ 38ቱንም ሳምንት ሳላህን አልነካም። 13ኛ ወጣ። ማንቼ ራሱ 15ኛ ስለጨረሰ «ከቡድኔ እሻላለሁ» ይላል እስከ ዛሬ።

ሁለት ነገር ግን ጠቅመውናል። አንደኛው፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከኋላ ያሉት ሰዎች ሲሰላቹ ሁለተኛ ሊግ ከፈትን። ሊግ ሲከፈት ነጥብ ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ ይቆጠር የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ከ20ኛው ሳምንት እንዲጀምር አደረግነው። 11ኛ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ከሁሉ እኩል ሆነ። ትንሽ ነገር ነው፣ ነፍስ ግን ዘራበት።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። እንግሊዞች በጥቅምትና በመጋቢት ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ዴድላይኑ (ቡድን የማስገቢያው ሰዓት) የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። የቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ዴድላይን መስከረም ላይ 7 ሰዓት ከነበረ ኅዳር ላይ 8 ሰዓት ይሆናል፣ ሚያዝያ ላይ ተመልሶ 7 ሰዓት። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎቻችን «ገና አንድ ሰዓት አለ» እያሉ ተዘጋባቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ ቡድኔን ዋዜማው ማታ ነው የማስገባው። ጠዋት ኔትወርክ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?

ወደ መጨረሻው እንምጣ።

ሁለት ሳምንት ሲቀር ግሩፑ ላይ «ያልተጠቀማችሁበት ቺፕ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቺፕ ማለት ልዩ ዕድል ነው። ትሪፕል ካፒቴን (እጥፍ የሚቆጠረውን የካፒቴን ነጥብ በሦስት የሚያባዛው)፣ ቤንች ቡስት (የተጠባባቂዎቹንም ነጥብ የሚያስቆጥረው)፣ ምንም ይሁን ምን፣ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ይህን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። ያየው ሁሉ ተጠቀመ። ካየነው ውስጥ ቤንች ቡስቱ ሳይነካ ዓመቱ ያለቀበት ብቸኛ ሰው ግን እኔ ነኝ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አደርገዋለሁ ብዬ አስቀምጬ፣ ዝውውር ሳስብ ተረሳኝ።

ዝውውሩም ቢሆን አልረዳኝም። ሊቨርፑል ሚያዝያ 19 ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ካረጋገጠ በኋላ የቀሩትን አራት ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። ከዚህ ተነስቼ «የመጨረሻው ሳምንት ላይ የቸገረው ቡድን ነው የሚገዛው» አልኩ። ኒውካስል ለቻምፒየንስ ሊግ ይፋለማል፣ ያውም በሜዳው። ሁለት የኒውካስል ተጫዋች አመጣሁ፤ አንዱን በሂት፣ ማለትም ከነፃው ዝውውር በላይ ስለሆነ አራት ነጥብ ከፍዬ። ኒውካስል በኤቨርተን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቪላ ቸግሮት ነበር፣ ተሸነፈ። ፎረስት ቸግሮት ነበር፣ ተሸነፈ። እንግዲህ የመጨረሻ ሳምንት ምክር ከእኔ አትጠብቁ። አንድ የማያከራክር ነገር ብቻ ልበል። ያን ሳምንት ኪስ ውስጥ የሚቀር የጌሙ ገንዘብ ምንም አይሠራም። ያላችሁን ሁሉ አውጡት።

ግንቦት 17 እሑድ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ዴድላይኑ ተዘጋ። 12 ሰዓት ላይ አሥሩም ጨዋታ በአንድ ጊዜ ተጀመረ። ከኮምቦልቻ ሦስት ሰው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጥቷል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት የኋላውን ወንበር በሙሉ ያዝን። ከዚህም ትምህርት አለ፤ አሥር ጨዋታ በሁለት ቴሌቪዥን አይታይም። አንዱ ሊቨርፑልን፣ አንዱ ሲቲን፣ አንዱ ማንቼን እያለ ሲጮህ የቤቱ ባለቤት «ዋንጫ የሚነሳበትን ነው የማሳየው» ብሎ ሊቨርፑልና ክሪስታል ፓላስን ከፈተ። ሌላውን በስልክ ተከታተልን። አስቀድማችሁ ብትስማሙ ይሻላል።

ከመጨረሻው ሳምንት በፊት መምህሩ ጓደኛችን በ7 ነጥብ ይመራ ነበር። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ነው። አዎ፣ ያው የአምናው። የሁለቱም ካፒቴን ሳላህ ስለሆነ ሳላህ ምንም ቢሠራ በመሃላቸው ለውጥ የለም። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ እየመራችሁ ከሆነ የተከታያችሁን ካፒቴን ቅዱ። መምህሩ ይህን ያውቃል። ያላወቀው የቪላውን በረኛ ማርቲኔዝን ነው። ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ ገና እረፍት ሳይወጡ፣ ሆይሉንድን ጣለና ቀይ ካርድ! ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። መምህሩ «በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል» አለ። ይሆናል። በፋንታሲ ሕግ ቀይ ያየ በረኛ ከወጣ በኋላም ቡድኑ ጎል በገባበት ቁጥር ይቆጠርበታል። ማንቼ ሁለት አገባ። አንድ ነጥብ ተጨማሪ ሄደ። መምህሩ ይህን ሕግ አያውቀውም ነበር። «የሌለ ሰው እንዴት ጎል ይገባበታል?» እያለ አገጩን ይዞ ቀረ።

ሊቨርፑል 1 ለ 0 እየተመራ 80ኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል መብራት እልም አለ።

የሰዉን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ስልኮች በሩ፣ ኔትወርኩ ግን ያን ሁሉ ሰው አልቻለም፤ ክቡ ብቻ ይዞራል። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ ጄኔሬተር የሚሠራለት ቤት ሲጮህ ሰማን። ማዶ ሮጦ የተመለሰው ባለ ባጃጁ ነው። «ሳላህ! 84ኛው ደቂቃ!» አለ። ዓመቱን ሙሉ የመገበንን ሰው የመጨረሻ ጎል በጆሯችን አየነው።

2 ሰዓት ገደማ ኔትወርኩ ተመለሰ። ሰንጠረዡ መምህሩን በ1 ነጥብ አንደኛ ይላል። ልብስ ሰፊው ቦወን ጎል ቢያገባለትም አልደረሰበትም። መምህሩ ጮኸ፣ ተቃቀፍን፣ ለሁላችንም ለስላሳ ጋበዘ። ወንድሙ ጋ ሳይቀር ደወለ። ጠዋት ስንነሳ ልብስ ሰፊው በ2 ነጥብ አንደኛ ሆኗል። ለካ ቦነስ ገና አልገባም ነበር። በየጨዋታው የተሻሉት 3፣ 2 እና 1 ቦነስ ያገኛሉ፤ ሰንጠረዡ ላይ የሚደመረው ግን ጨዋታው ሁሉ አልቆ ከተጣራ በኋላ ነው። አሲስትም እንደዚሁ ሊሰረዝ ወይም ሊጨመር ይችላል። መምህሩ ግሩፑ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የለስላሳዬን ብር መልሱ።»

ስለዚህ ያን ማታ ማንንም አታንግሡ። እኛ ዕድል ሆኖልን የመዝጊያውን ቀን አስቀድመን ለሚቀጥለው እሑድ፣ ለግንቦት 24፣ ቀጥረነው ነበር። ምክንያታችን ሌላ ነው። የኮምቦልቻዎቹ በማታ ሐረጎን መውረድ አይችሉም፣ ሚኒባስም አይገኝም። ግን አንድ ሳምንት መቆየቱ ነጥቡንም አጠራ፣ የመምህሩንም ልብ አበረደ።

በዚያ ሳምንት ውስጥ እኔ የቤት ሥራ ነበረኝ። የእያንዳንዱ ሰው ታሪክ ገጽ ላይ በየሳምንቱ ቤንች ላይ የቀረ ነጥብና በሂት የተከፈለ ነጥብ ይታያል። ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ የ14 ሰው ወደ ደብተር ገለበጥኩ። ሰንጠረዡንም ፎቶ አነሳሁት። ይህን አትርሱ፤ ጌሙ ለአዲሱ ዓመት ሲታደስ የቀድሞው ሊግ ሰንጠረዥ አይገኝም። የሚቀረው የየራሳችሁ ጠቅላላ ነጥብና ደረጃ ብቻ ነው። ማስረጃ የሌለው ሊግ ክረምት ላይ አዲስ ታሪክ ያወጣል። አምና አይተነዋል።

እሑድ ማለዳ አራት ሆነን በሚኒባስ ሐይቅ ሄድን። አሳውን ከአጥማጆቹ ላይ በጆንያ ገዝተን 4 ሰዓት ላይ ቧንቧ ውሃ ደረስን። በመንገድ ላይ ጆንያው ፈስሶ የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫፍ ነክቷል። ይቅርታ ጠይቀን፣ ሁለት አሳ ሰጥተን ታረቅን። ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሹ ተጠበሰ፣ ግማሹ ጉላሽ ሆነ። ዳጣና እንጀራ ከቤት ነው።

ሽልማቶቹን አነበብኩ። «የሂት ንጉሥ» ባለ ባጃጁ ሆነ፤ በዓመቱ 96 ነጥብ በሂት ከፍሏል። «96? እኔ ነኝ?» ብሎ ደብተሩን ቀማኝ። ሳይከፍለው ቢቀር ሦስተኛ ይወጣ ነበር። «የቤንች ሊቅ» እኔ ነኝ፣ ራሴ አነበብኩት። ለ14ኛው ደግሞ ቅጣት አዘጋጅተናል። አሳውን እንዲጠብስ፣ ሽርጥ ለብሶ ፎቶ እንዲነሳ።

14ኛው ከኮምቦልቻ የመጣ፣ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ጓደኛችን ነው። ቡድኑ ከጥር ጀምሮ አልተነካም። የተጎዳ ተጫዋች ሳይቀይር፣ ካፒቴን ሳይለውጥ 4 ወር። ግሩፑ ላይ «የሞተ ቡድን» እያልን ስንስቅበት ከርመናል። የሬሳ ሳጥን ፎቶ የለጠፈም አለ። እሱ ግን አንድም ቀን አልመለሰ። ኮራብን አልን። ለመዝጊያውም የመጣው ልብስ ሰፊው ለሥራ ኮምቦልቻ ወርዶ ድንገት መንገድ ላይ ስላገኘው ነው።

ሽርጡን ስናመጣለት ሳቀ። እሺ ብሎ ታጠቀ። አሳውን እየጠበሰ «እኔኮ ስልኬን ጥር ላይ ሸጥኩት» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሚስቱ ወልዳ ነበር፣ የሥራ ሰዓቱም ተቀንሶበታል። ከዚያ ወዲህ የያዘው በተን ስልክ ነው። ቴሌግራም የለውም። ያሾፍንበትን አንዱንም አላየም።

እኔን የመታኝ ሌላ ነገር ነው። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። የሱ 30 ብር በየወሩ፣ አንድ ቀን ሳያልፍ ገብቷል። በበተን ስልክም በኮከብ 127 መሰላል ቴሌብር ይላካል። ብሩ እየገባ ሰውየው ዝም ሲል፣ በ4 ወር ውስጥ አንድ ሰው እንኳን በድምፅ አልደወለለትም። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። ቢደወል ያነሳ ነበር። ልጁ መወለዱን የሰማነው ያን ቀን ነው።

ሽርጡን ማን እንዳወለቀለት አላስታውስም። ፎቶውን ማንም አላነሳም። እናትየው «አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» ብለው ከሰባሰብነው ብር ላይ ለአራሷ እንዲሰጥ ጠየቁ። የተቃወመ የለም። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ ሁለት ሳምንት ቡድኑን ያልነካ ሰው ይደወልለታል፣ በስልክ፣ በድምፅ። ቅጣት የሚባለውንም ሰረዝነው። በርግጥ ሁሉም አልተስማማም። ባለ ባጃጁ «ያለ ቅጣት ሊግ ጨው የለውም» ይላል። ነሐሴ ላይ እንደገና እንነጋገርበታለን።

ጀበናው ለልብስ ሰፊው ተሰጠ። የሰጠው መምህሩ ነው፣ «ማርቲኔዝ ነው የሰጠህ፣ እኔ አይደለሁም» እያለ። ባንከኛው ዘንድሮ 4ኛ ነው። አጨበጨበ። እናትየው መረቁን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ሒሳቡ ተነበበ። አሳው፣ ትራንስፖርቱ፣ ዘይቱ፣ የአራሷ ተቀንሶ 140 ብር ተረፈ። ያን ቀን ብሩ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አምና የነበረብኝን ላብ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለድሉ ቡና ማፍላት ግዴታው ስለሆነ ሰኔ 1 እሑድ ልብስ ሰፊው ሱቅ ተሰበሰብን። ሲንጀሯን ወደ ጥግ ገፍቶ ቄጠማ ጎዝጉዟል። ከሰል ይዞ የመጣው ባንከኛው ነው፣ ማራገቢያውንም የያዘው እሱ ነው። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ውሃው ጀበናው ውስጥ ገባ። እሳቱ ላይ ትንሽ እንደቆየ «ቿ!» አለና ከሆዱ ላይ ተሰነጠቀ። ውሃው ከሰሉን አጠፋው።

ልብስ ሰፊው ደንግጦ እናትየው ጋ ደወለ። ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«ሳታሟሸው ነው የጣድከው?»

«ማሟሸት ምንድነው እማማ?»

140 ብሩ ነሐሴ ላይ ለአዲስ ጀበና እንዲሆን ተወስኗል።